በቀኝሽ ተቀምጬ

ደብረ ታቦር
ኅዳር 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ባለቤቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ
ባሕር ዳር

በቅድሚያ ለአንቺ፣ ቀጥሎም በቤቱ ለተቀበለሽ ለአማቻችን ለካሳሁን፣ ከዚያም ለልጃችን ለትዝታ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ገብሱ ታጭዷል፤ ላሚቱም ወልዳለች። እኔም፣ ደህና ማለት ከተቻለ፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው የሚካኤል ማኅበር፣ በሰው ፊት፣ «ጨዋታው ለይሻው፣ ዝምታው ለእኔ ነው?» ብናገርሽ ነጠላሽን ሰብስበሽ ወጣሽ፤ በማግስቱም ባሕር ዳር ገባሽ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት፣ እንደመሆኔ መጠን በቀኝሽ፣ ከራስጌው የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ መምህር ይሻው በግራሽ። ለእኔ መልስ የማትሰጪው ሴት፣ እሱ አንዲት ቃል ጣል ሲያደርግ ስትስቂ ከረምሽ። እኔ ያየሁት ይህንን ብቻ ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ ተተክሎ ሌላውን ሁሉ አለፈው።

ትናንት ጎረቤታችን ታንጉት ድፎ ይዛልኝ መጣች።

«ጋሼ ደሞዜ፣ የእትዬ ፈንታነሽ ቀኝ ጆሮ መስማት ካቆመ እኮ ከረመ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የማኅበሩ ሴት ሁሉ ያውቃል። ወንድ ከተሰበሰበ የሚያየው የሚናገረውን ነው፤ ዝም ያለውን የምታይ ሴት ናት።»

ይህ አባባል ጥሩ መጠለያ መሰለኝ።

«እንግዲያው የተፈጥሮ ጉዳይ ነዋ፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» ብላት፣

«ይሻውስ ሴት ኖሯል? አውቆ አይደል በግራዋ የሚቀመጥ» ብላኝ እየሳቀች ወጣች።

ፈንቲዬ፣ ዕድሜዬን በዳኝነት ወንበር ላይ ስፈጅ ቃሉን ሳልሰማ የፈረድኩበት ሰው አልነበረም። አንቺን ግን ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ። መምህር ይሻውንም ቤቱ ድረስ ሄጄ አመስግኜዋለሁ። ያመሰገነው ግን አፌ ብቻ ነው። እስከ ትናንት የምቀናው በሳቅሽ ነበር። ዛሬ የምቀናው ሕመምሽን ከእኔ ቀድሞ በማየቱ ነው፤ ይህኛው ይብሳል።

ጠዋት ስደውል ስልኩን አልቀበልም አልሽ። ሐሙስ ጆሮ ሐኪም ዘንድ እንደምትሄዱ የሰማሁት ከትዝታ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ብትመለሺ፣ የሙሴነቱን ወንበር ለሌላ አስረክቤ በግራሽ እቀመጣለሁ፤ ይሻው ሌላ ቦታ ይፈልግ። መመለሱ ከከበደሽም አላስገድድሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ሐኪሙ የሚለውን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ከማንም በፊት ለእኔ ንገሪኝ።

ካሳሁንንና ትዝታን ስለ ደግነታቸው ከልብ አመሰግናለሁ። ሕክምናሽ የተቃና ይሆን ዘንድ እመኛለሁ፤ ቅዱስ ሚካኤል መንገድሽን ይምራ።

አክባሪሽ ባለቤትሽ
ደሞዜ