ስፌቱን አይቼ የመረጥኩት

ኅዳር 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከሱቄ

ለልጄ፣ ለሐኪሟ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደህና ነኝ እንዳልልሽ ራሴን ጠልቼዋለሁ። ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ከመሰለሽ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። የቀኝ ክንዴ አጥንት ገጥሟል፤ እጄ ግን ከአንጓው ጀምሮ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። መቀስ አይከፍትም። ይህን በስልክ ነግሬሻለሁ፤ ያልነገርኩሽ ሌላ ነው።

ቀዶ ጥገናውን የሠራልኝ ወጣት ሐኪም ትናንት ሱቄ ድረስ መጣ። ለሆስፒታሉ በጻፍሽው ክስ የተነሳ ከሥራ አግደውታል። "ታካሚውን ሳያማክር የፈለገውን አደረገ" ብለሻል አሉ። በርጩማው ላይ ተቀመጠና፦

"አባባ፣ እኔ አላማከርኩዎትም?" አለኝ።

ጨርቅ የማጥፍ መስዬ አቀረቀርኩ። ትንሽ ጠብቆኝ ወጣ። ቱ! ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው የሆንኩት?

እውነቱን ስሚ። አምፖል ስቀይር ወድቄ ሆስፒታል የገባሁ ዕለት ያ ወጣት ሐኪም አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አስረዳኝ። በአንደኛው መንገድ ክንዱ በረጅሙ ይከፈታል፤ ነርቩ በዓይን እየታየ አጥንቱን የሚይዘው ብረት ይታሰራል። በሌላው ከላይና ከታች ትንሽ ትንሽ ይቀደድና ብረቱ በሥጋው ሥር ይሾልካል፤ ሥጋው ብዙም አይነካም፣ ነርቩ ግን እንደዚያኛው ወለል ብሎ አይታይም። በሁለቱም አጥንት ይገጥማል፣ በሁለቱም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል አለኝ። ለእኔ ግን ነርቩ ወደ ስብራቱ ስለተጠጋ ቢከፈት እንደሚሻል ነገረኝ። አንቺም በስልክ ያንኑ ነበር ያልሽኝ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አጠገቤ የተኛው ሾፌር ክንዱ በረጅሙ ተከፍቶ ነበር። ነርሷ ፋሻውን ስትፈታለት ስፌቱን አየሁት። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ ጠርዙ የተጨማደደ፣ ጆንያ እንኳ እንዲያ አይሰፋም። አንገሸገሸኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጠማማ ስፌት ከሱቄ ያላወጣሁ ሰው ይህን ገላዬ ላይ ይዤ ልዙር? እምቢ፣ ያ ትንሽ ትንሽ የሚቀደደው ይሁንልኝ አልኩ። ሐኪሙ ለመነኝ፤ ችክ አልኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዶ ጥገናውን መፍቀዴ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በቃል ነበር። ለምን እንዳልተከፈተ ስትጠይቂኝ ደግሞ "ማን ጠይቆኝ" አልኩሽ። በስፌት ምክንያት ምክርሽን ጣልኩ ማለት አሳፈረኝ።

እኔ እኮ ኮት ከውስጥ ሲበላሽ ገበሩን ሳልፈታ ነክቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። በዚያ ስፌቱን በተጸየፍኩት እጁ ብርቱካን ልጦ አቀበለኝና ጠባሳዬን አይቶ፣ "ጋሼ፣ የእርስዎስ ያምራል" አለ። እጅጌዬን ጎትቼ ሸፈንኩት።

ነርቩ በወራት ውስጥ ሊነቃ ይችላል ተብያለሁ፤ እየጠበቅኩ ነው። ክሱን ግን ይህ ወረቀት እጅሽ በገባ ሰዓት አንሺ። እኔም ይህንኑ ለሆስፒታሉ ጽፌያለሁ፤ ነገ ጠዋት ራሴ አደርሳለሁ። ከዚያ ሐኪሙ ቤት ሄጄ፣ ትናንት የዋጥኩትን መልስ እሰጠዋለሁ። ተናደጂብኝ፣ ይገባኛል። እንዳትዘጊኝ ብቻ።

ያዘዝሽኝን ኮት አብሬ ልኬልሻለሁ። የቀኙ እጅጌ ከመውደቄ በፊት የተሰፋ ነው። የግራውን በግራ እጄ ጨረስኩት፤ ጠማማ ነው፣ ጠርዙም ተጨማድዷል። ፈትቼ ለሌላ ሰፊ ልስጠው ብዬ ነበር፤ ተውኩት። እንዲሁ ልበሺው፣ እናቴ።

በእጅሽ የሚያልፍ ሁሉ በእግሩ ቤቱ ይግባ።

አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው