ከጣቴ ያላወለቅሁት

ውድ ናሆም፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን ያንተን ጤና መጠየቅ ፈርቻለሁ። ወላሂ፣ ለእረፍት እናቴ ቤት ከገባሁ ወዲህ ከመርሳ ወልድያ ሁለት ጊዜ መጥቼ ሁለቴም ሳላይህ ተመልሻለሁ።

አዲስ አበባ፣ ላብራቶሪው ውስጥ የሆነውን ሰው የሚያውቀው አንተ በተናገርከው ነው። በመከላከያ መነጽሩ ውስጥ የመሣሪያው ቁጥር አልታይህ ሲል መነጽሩን ከዓይንህ ገፋ አደረግኸው፤ የሌዘሩ ጨረር ቀኝ ዓይንህን መታው፤ ይኸው መሐሉ ላይ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ቀረ። "ጥፋቱ የራሴ ነው" ብለህ ፈረምክ። ፕሮፌሰራችንም ከሥራው አስወጡህ። ጨረሩ ከመንገዱ ለምን ወጣ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ሌዘሩን ሳልዘጋ መስታወቱን ላስተካክል እጄን ሰደድኩ። ጣቴ ላይ የዓሪፍ የእጮኝነት ቀለበት ነበር። የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ በር ላይ እንደሚወልቅ አውቃለሁ፤ አንተ ሰዓትህን ረስተህ ገብተህ አታውቅም። እናቴ ግን "የታጨች ልጅ ቀለበቷን አውልቃ ከወንድ ጋር ጨለማ ክፍል ትገባለች ይሉሻል፤ እንዳታወልቂው" ብላኝ ነበር። ጓንት እየደረብኩበት እገባ ነበር። ያን ቀን ጓንቱን ተውኩት። ጨረሩ ቀለበቴን ነክቶ አረንጓዴ ብልጭ ሲል አየሁ፤ ወዲያው ጮህክ።

ሙከራችን ትዝ ይልሃል? አንደኛው ብርሃን ሞለኪውሉን ይሰብራል፤ ሁለተኛው ስባሪው ሳይጠፋ ሊያየው ይሽቀዳደማል። ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ሲያመልጠን "ዙልፋ፣ ዛሬም ሳይሰናበተን ሄደ" ትለኝ ነበር። እንዴት እንስቅ ነበር!

ባለፈው ወልድያ ስመጣ በሚሠሩበት ጋራዥ በር ላይ አባትህን አገኘኋቸው። ጋሽ ይርጋ የእጃቸውን ዘይት ጠርገው ጨበጡኝና "ልጄን ሐኪም ቤት ያደረስሽልኝ አንቺ ነሽ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ። ምን ይደረግ፣ በገዛ እጁ ነው" አሉኝ። "አሜን ጋሼ" ብዬ ሸሸሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አሁንም እፈራለሁ። መባረሩን እፈራለሁ። ዓሪፍ ምን ይለኛል እላለሁ። ከሁሉም የምፈራው ግን ይህን አንብበህ ዝም እንዳትለኝ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኛል።

ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ለፕሮፌሰሩ ጽፌ ልኬያለሁ። ላንተ አስቀድሜ ብጽፍ "ተይው፣ አትላኪ" ትለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ እተወው ነበር። ራሴን አውቃታለሁ።

ወረቀቱን የሚኒባስ ሾፌሩ ደጀን ማታ ያደርስልሃል። እኔ ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። ለአባትህ አንተ እንዳትነግራቸው፤ በእኔ አፍ ይስሙት። ከደጃቸው ቢያባርሩኝም ተናግሬ ነው የምሄደው።

ዙልፋ