ፊቴን ወደ እሳቱ ሳዞር

ውድ እህቴ ኢንሱክ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በአንቺ በኩል በረዶው ቀልጦ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? በምትሠሪበት ሆስፒታል ደረጃ ላይ እየከዳሽ ያስቸገረሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? ባልሽ ፔተር ሳሉ ለቀቀው? የሀና ጥርስስ በቀለ? በላክሽልን ፎቶ ላይ ወላቃ ሆና ስትስቅ አይተን ስንት ቀን እንደሳቅን! እኛ ደኅና ነን። «ደኅና ነን» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። አዎ፣ ደኅና ነን። ዛሬ ስጽፈው እውነት ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ እዚህ ደሴት ላይ ማንም እንደማይወደኝ ጽፌልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ በመልስሽ ግርጌ «ስትገቢባቸው ፊትሽ ምን ይመስላል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ተናደድኩብሽ። የገዛ እህቴ እንኳ ከእነሱ ጋር ወገነች አልኩ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው፤ ይቅር በይኝ።

እንደምታውቂው አማቴ ጆሯቸውን ከታመሙ ወዲህ ከባሕር ሥር ዛጎል ለመልቀም አይጠልቁም። የጎማ ልብሳቸውን፣ መነጽራቸውንና መረባቸውን ሰጡኝ፤ የጠላቂዎቹ ማኅበርም ለአንድ ዓመት በሙከራ እንድወርድ ፈቀደልኝ። ዓመቱ ሲሞላ ተሰብስበው ይወስናሉ። ካልተቀበሉኝ አማቴ አርባ ዓመት የጠለቁበት ቦታ ይዘጋል፤ ከቤታችንም ዳግመኛ የሚጠልቅ ሰው አይኖርም። እኔም የባሌን የቻንግሆን ጀልባ በመስኮት የምትጠብቅ የተራራ አገር ሴት ሆኜ እቀራለሁ። ያንን አልፈለግሁም። በመጀመሪያ ባሕሩን የወደድኩት ከውኃው በታች ማንም ስለማያየኝ ነበር። አሁን ስጽፈው አፈርኩ።

ባሕሩ ዳር ጣሪያ የሌለው፣ ዙሪያውን በጥቁር ድንጋይ የታጠረ ቦታ አለን። ልብስ የምንቀይረው፣ ከውኃ ስንወጣም እሳት የምንሞቀው እዚያ ነው። አለቃችን ቹንዎል ጭሱ በማይደርስበት በኩል ይቀመጣሉ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ብርቱዎቹ፣ ከዚያ መካከለኞቹ። ጀማሪ ጭሱ ዘንድ ነው፤ ሁሉም እዚያ ተቀምጠው አልፈዋል። እኔ ግን ያንን ቦታ እንኳ ትቼ መግቢያው አጠገብ፣ ጀርባዬን ለእሳቱ ሰጥቼ እቀመጥ ነበር። ከሳቁ በእኔ ነው። ዝም ካሉም በእኔ ነው። ማንሱክ የምትባል እኩያዬ አለች፤ ምላሷ አያርፍም። «አንቺ ድንች! እዚያ ታች እኮ ድንች አይበቅልም፣ ምን ስትቆፍሪ ነው የዋልሽው?» ትለኛለች። በእኛ አገር ተወልዶ ድንች ያልተባለ የለም፤ እኔና አንቺም ስንጣላ እንባባል ነበር። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ቀኑን ሙሉ ውስጤ ሲብላላ ይውላል።

በኦክቶበር አንድ ቀን ባሕሩ ከፋብኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስጠልቅ ስወጣ ቆይቼ የያዝኩት አራት ትንንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ብቻ ነበር። ወደ ዳር ዋኝቼ መረቤን ስፈታ ግን መዳፍ የሚያህል ጆንቦክ፣ ያ ከሁሉ ውዱ ዛጎል፣ አገኘሁበት። እኔ አልያዝኩትም። ቀና ስል ሁሉም ሌላ ሌላ ቦታ ያያሉ። ጉንጬ ጋለ። ተጫወቱብኝ፣ ባዶ መረቤ መሳቂያቸው ሆነ አልኩ። ጆንቦኩን ይዤ እሳቱ ዘንድ ገባሁና ቹንዎል እግር ሥር አስቀመጥኩት። «ይህ የእኔ አይደለም። ለማኝም አይደለሁም» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ቹንዎል ጆንቦኩን አንስተው በራሳቸው መረብ ውስጥ መልሰው ከተቱት፤ ቀስ ብለው። ማንሱክ «እንግዲህ ባሕሩን ብቻዋን ትጥረገው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው አላናገረኝም። መነጽር የምንወለውልበትን አሪቲ ሲቀባበሉ እኔ ጋ ሲደርስ ይዘለኛል። ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይወርዳሉ፤ እኔ ጫፍ ላይ ብቻዬን። አየሽ፣ ልክ ነበርኩ አልኩ ለራሴ። ልክ መሆን እንደዚያ ይበርዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አማቴ ነገሩን የሰሙት ከጨረቃው አዲስ ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ ነው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና «አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ?» አሉኝ። እዚህ ጀማሪ ባዶ መረብ ይዛ እንዳትወጣ እሷ ታች ሳለች ትልልቆቹ ላይ በሚንሳፈፈው መረቧ ከራሳቸው ይከቱላታል። ሳይነግሯት ነው። የተሰጣት አታመሰግንም፣ አትጠይቅም፤ ስትችል ለሌላዋ ትከታለች። መመለስ ማለት በሰው ፊት «እጅሽን አልፈልገውም» ማለት ነው። ያንን ጆንቦክ ሊያወጡ ቹንዎል ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ታች ቆይተዋል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ለማን ይንገሩ? ከመግቢያው አትርቂም። ዛሬ ነገ ወደ አገሯ ትሄዳለች ነው የሚሉሽ። ሰላም ስትዪ እንኳ አንገትሽን ሰብረሽ፣ የሚመታሽ ሰው እንዳለ ሁሉ! አንቺን ሳይ እኔ ራሴ የመታሁሽ ይመስለኛል» አሉኝ።

ኢንሱክ፣ ይህ ሐረግ አለቀቀኝም። እኔ የመታሁሽ ይመስለኛል። ስንት ሰው ነው ባልሠራው ጥፋት ፊቴን እያየ ራሱን ጥፋተኛ ያደረገው? ጥፋተኛ የተደረገ ሰው ደግሞ ይሸሻል። ብዙ ቀን በመስታወት ፊት ቆምኩ። ያየሁት ነገር የለም። ፊት ነው። ለፊቴ መልስ የሚሰጡት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ መልሱን ብቻ ስሰማ ኖርኩ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ሄድኩ። ጭሱ ዘንድ ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ወደ እሳቱ አዙሬ። ቹንዎልን «ሳምቹን» አልኳቸው፤ እዚህ ሴቱንም ወንዱንም በዕድሜ የሚበልጥሽን ሁሉ እንዲያ ነው የምትዪው። «ሳምቹን፣ በኦክቶበር ያደረግሁት የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። በድዬዎታለሁ» አልኩ። «እህም» አሉ። በቃ። ዓለም ወዲያው የተለወጠ እንዳይመስልሽ። ሳምንት ሙሉ ጭስ በላሁ፤ ዓይኔ እየነደደ። እያንዳንዷን በስሟ ጠርቼ ሰላም አልኩ፤ የምትመልስ መለሰች፣ የማትመልስ አልመለሰችም። እኔ ግን የማትመልሰውን «ጠላችኝ» ማለት ትቼ «አልሰማችኝም ይሆናል» አልኩ። ይህ ከመጥለቅ ይከብዳል። በስምንተኛው ቀን ማንሱክ አየችኝና «ድንቿ ዛሬ ጥርስ አላት!» አለች። «ድንችም ሲላጥ ነጭ ነው» አልኳት። ሁለት ሴቶች ሳቁ። አሪቲውም እጄ ላይ ደረሰ።

የነፋሷ እመቤት የሚሏት አምላክ ደሴቱ ላይ በምትቆይበት በዚህ ሁለት ሳምንት ወደ ባሕር አይወረድም፤ ስብሰባውም የተደረገው ለዚያ ነው፤ ትናንት። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች። ቹንዎል እጅ አላስቆጠሩም። «ከዚህች ጋር ጥንድ ሆና የምትወርድ ማናት?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ጥንድ የሌላት አባል አትሆንም።

ዝምታ። የማውቀው ዝምታ። አንገቴ ሊሰበር ፈለገ፤ እግሬም ወደ መግቢያው። ቢሆንም ምናልባት ዝም ያሉት እኔ የምለውን ለመስማት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቀና አልኩና «ማንሱክ፣ ካንቺ ጋር መውረድ እፈልጋለሁ» አልኩ።

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁሽ?» አለች።

«የምታስቢውን ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ። እዚያ ታች የሚያስፈልገኝ እንደዚያ ያለ ሰው ነው።»

ማንሱክ ዞር ዞር ብላ አየች። «ብትሰምጪ አልጎትትሽም።»

«አንቺ ብትሰምጪ ግን እጎትትሻለሁ፤ ወደድሽም ጠላሽም።»

መጀመሪያ የሳቁት ቹንዎል ናቸው። ከዚያ ሁሉም። ማንሱክ «እሺ በቃ! ግን ከኋላዬ እንዳትቀሪ፤ ሰው መጠበቅ አልወድም» አለች። አባል ሆንኩ፣ እህቴ።

ሌላ ነገር ልበልሽና ልጨርስ። በሆስፒታሉ ምግብ ቤት አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻሽን እንደምትበዪ፣ ፈረንጆቹ ቀዝቃዛ ናቸው ብለሽ የጻፍሽልኝን አልረሳሁም። ምክር አይደለም፤ እኔ ለማንም የምመክር ሰው አይደለሁም። ግን ነገ ሳህንሽን ይዘሽ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጪ። አንድ ሳምንት ጭስ ትበዪያለሽ። ብዪው።

አማቴ በጣም ሰላም ብለውሻል፤ የጉልበትሽን ነገር ነግሬያቸው «ዝንጅብል ታስርበት» ብለዋል። ቻንግሆ እጅ ይነሳሻል። ትንሿ ልጃችን ኡንሂ ለሀና ዛጎል አሽጋለች፤ ተሰብሮ ቢደርስ እንዳትነግሪያት። ፔተርን በስሜ ሰላም በዪልኝ፣ ሀናን ግራና ቀኝ ሳሚልኝ። ለእናታችን መቃብር በጸደይ በዓል ለሁለታችንም እሰግዳለሁ።

ነገ እመቤቲቱን እንሸኛለን፤ ከነገ ወዲያ እንወርዳለን። ፍርሃቴ የትም አልሄደም። ይዤው እወርዳለሁ።

እህትሽ ጆንግሺም

ጄጁ ደሴት፣ ምሥራቅ ዳርቻ
ማርች 23 ቀን 1986