በካርታዎ ላይ ስላለችው ቀይ ነጥብ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ተሳትፎ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

(የዩኒቨርሲቲውን ስም ያልጻፍሁት ረስቼ ሳይሆን እዚያ የሚማሩት የሰፈራችን ልጆች እንዳያፍሩ ብዬ ነው።)

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም ባለፈው ዓመት ከመንገዳችን ጋር የተጣላውን የመኪናዎን ሁኔታ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ከደባርቅ ወጣ ብለን የምንኖር ሰዎች ገብሳችን ደርሶ፣ ውርጩም ዘንድሮ ራርቶልን፣ እርስዎን ከማሰብ በቀር ሌላ ችግር የለብንም።

እኔ ፀጋው አሻግሬ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ በጡረታ ወደ ትውልድ ቀዬዬ የተመለስሁ መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈው ታላቅ እህቴ ባንቻየሁ ፊደል ስላልቆጠረች፣ ደግሞም የእርስዎ ጽሕፈት ቤት በቃል የተነገረውን ነገር ምን እንደሚያደርገው ስላየን ነው።

አንደኛው ምስጋናዬ በኅዳር 2008 ዓ.ም. አራት አጥኚዎችን ስለላኩልን ነው። በቀበሌው አዳራሽ ሰብስበውን «ከእናንተ ልንማር መጣን» አሉን። የተማረ ሰው ከእኛ ሊማር ሲመጣ የመጀመሪያው ስለነበር መሬት ሊለካብን ነው ብለን ጠረጠርን። የጠየቁን ግን በ1983 ወደ እስራኤል ስለሄዱት ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን፣ በተለይም ሙታናቸው የት እንዳረፉ ነበር። የሚያውቁት ሽማግሌዎች አልፈዋል፤ ድንጋዮቹንም ሣር ውጧቸዋል። እህቴ ታውቅ ነበር፤ ግን አልተነፈሰችም።

ሸክላ ሠሪዋ ሸዋነሽ የእህቴ የልብ ወዳጅ ነበረች። ስትሄድ እናቷና ሁለት ልጆቿ ያረፉበትን፣ በእህቴ መሬት ጥግ ተዳፋቱ ላይ ያለውን የአሥራ አራት ሰው መቃብር ማረሻ እንዳይነካባት አደራ አለቻት። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዳፋቱ እባብ ይበዛበታል እያለች ሃያ አምስት ዓመት ሰው አላስቀረበችም። እኔም፣ ያን ጊዜ ዳባት አስተምር ስለነበር፣ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር እባቡን ፈርቼ በሌላ መንገድ ስዞር ኖሬአለሁ።

ከአጥኚዎቹ አንዷ፣ እየሩስ የምትባል ወጣት መምህርት፣ ሌሎቹ ሲመለሱ እህቴ ቤት ሦስት ቀን ቆየች። ምስር ለቀመች፣ ውኃ ቀዳች፣ እህቴ ስትፈትል አጠገቧ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን እህቴ እጇን ይዛ ወደ ተዳፋቱ ወሰደቻት፤ የሙታኑን ስም አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ቦታውን እንዳትጽፍም ለመነቻት። ልጅቱም «አልጽፍም፣ እማማ» አለች። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ብሰማ ኖሮ ደብተሯን ሳላይ አላሳልፋትም ነበር።

ሁለተኛው ምስጋናዬ በሚያዝያ 2009 ደባርቅ ውስጥ በአንድ ሆቴል ስላደረጉት ዐውደ ጥናት ነው። ቦርሳና እስክሪብቶ ታደለን፤ ለእህቴም ሃያ ስምንት ገጽ የጥናት ጽሑፍ ተሰጣት። ከኋላ ተቀምጠን እሷ የተናገረችውን ሌላ ሰው ሲናገረው አደመጥን፤ ስሟም «መረጃ ሰጪ ሰባት» ሆኖ ነበር። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የቀበሌያችን ካርታ በራ፤ ቀይ ነጥብ ነበረበት። እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነጥቧ ምን እንደሆነች ጠየቀችኝ። ወንዙንና መንገዱን ከለየሁ በኋላ ያንቺ ተዳፋት ነው አልኋት። ይህን ስትሰማ ተነሥታ ቆመች። እርስዎም ከመድረኩ ላይ ሆነው፣ በፈገግታ፣ ጥያቄ ያላቸው ተሳታፊዎች በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አሳሰቡ። ስለ ትሕትናዎ እናመሰግናለን።

በረንዳው ላይ እየሩስን አገኘናት። ደብተሯን ለአለቆቿ እንዳስረከበች፣ ቦታውን ግን ሠርዛ እንደሰጠች እያለቀሰች ነገረችን። እህቴ አመነቻት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፈተና ወረቀት ሳርም ስለኖርሁ፣ የተሠረዘ ጽሑፍ ወደ ብርሃን ሲይዙት እንደሚነበብ አውቃለሁና አላመንኋትም።

ሦስተኛውን ምስጋና እንዴት እንደምጽፈው ቸግሮኛል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተዳፋቱ ላይ ችካል ተተከለ። የባህል መንደርና የጎብኚ ማረፊያ ሊሠራልን መሆኑን ተነገረን። ፕላኑን ለምኜ አየሁት፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ በሸዋነሽ እናት ራስጌ ላይ ነበር። ካርታው ከጽሕፈት ቤትዎ ወደ ቀያሹ በማን እጅ እንደሄደ ብንጠይቅ የሦስት ሰዎች ስም ተሰጠን፤ ሦስቱም በዚያው ሳምንት ለሥልጠና ወጥተው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እህቴ በሰው ፊት ቆማ፣ እባብ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንደዋሸችን ተናገረች። ከብቱን ከዚያ ሣር ሲከለክል የኖረ ሁሉ አጉረመረመ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ግን «አደራ ነው፤ እንዲህ ነው የሚጠበቀው» አሉ። ሰኞ ጠዋት እሳቸው ቀድመው፣ እኛ ተከትለን፣ ድንጋይ እየተሸከምን በመቃብሮቹ ዙሪያ እስከ ወገብ የሚደርስ ካብ ካብን። ማክሰኞ ቆፋሪዎቹ መጡ። እህቴ ካቡ ውስጥ ተቀምጣ የሙታኑን ስም ጠራችላቸው። ዋሴ የሚባለው አለቃቸው እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ከዚያ «እኔ መቃብር አልቆፍርም» አለና ዶማውን ሁሉ መልሶ አስጫነ።

ድንጋይ ከተሸከሙት አንዷ እየሩስ ነበረች። ከፕሮጀክቱ ከተሰናበተች ሳምንቷ ነበር። መዳፏ ተልጦ አየሁት፤ እህቴም ቅቤ ቀባችላት። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ደብተር መኖር አለመኖሩን ነበር የማየው።

ነገሩን ልንተወው ነበር፤ ዘንድሮ ያሳተሙት መጽሔት ባይደርሰን። በገጽ ዐሥራ አንድ የካቡ ፎቶግራፍ አለ፤ ከሥሩም ማኅበረሰቡ ከጽሕፈት ቤትዎ ባገኘው ግንዛቤ ቅርሱን እየተንከባከበ መሆኑ ተጽፏል። በገጽ ዐሥር ካርታው ከነነጥቧ አለ። ክቡር ሆይ፣ ግንዛቤውን ይውሰዱት፤ ፎቶግራፉም ይሁንልዎ። ነጥቧን ብቻ ያንሡልን።

የሥልጣን ዘመንዎ እንዲረዝም ሳይሆን የእረፍት ጊዜዎ እንዲቀርብ ዘወትር የምጸልይ፣

ታዛዥዎ ፀጋው አሻግሬ
ኅዳር 2010 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ «ኅብረተሰቡ አጥኚዎችን ስለምን ይጠራጠራል» የሚል አዲስ ጥናት ሊያካሂዱ ሰዎችዎ በጥር እንደሚመጡ የሚገልጸው ደብዳቤ ደርሶናል። በደስታ እንቀበላቸዋለን። እኛም በበኩላችን አርባ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅተንላቸዋል፤ እርስዎም አብረው ቢመጡ፣ እንደ ማንኛውም መረጃ ሰጪ በአሻራዎ የሚያረጋግጡበት ቦታ ትተንልዎታል።