ሦስተኛው አልበም ለምን ቀስ አለ

ኤርሚዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የሰው ጤና ይጠየቃል። እኔ ያንተን ጤና ስጠይቅ፣ ስጠይቅ ኖሬ አሁን የምጠይቀው አጣሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ። ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰዋል፣ ዘመድ ጎረቤቱም በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄዷል። የኔ ግን ገና አላለቀም።

ቤታችን እንዳለ ነው። ያው ዓለም ባንክ፣ ያው አራተኛ ፎቅ፣ ያው ውሃ ሲፈልግ የሚመጣበት ኮንዶሚኒየም። የተለወጠው እናትህ እኔ ጋ መግባታቸው ነው። አስኮ ብቻቸውን ማደር አልሆነላቸውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብቻዬን ማደር አልሆነልኝም። መኝታ ቤቱን ለቅቄላቸው ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ጥቁሩን አውልቂ ብለው ያስወለቁኝም እሳቸው ናቸው። ካንተ ጋር በስፒከር ድምፅ እንጣላ ነበር፤ ከሳቸው ጋር የምንጣላው በወጥ ጨው ነው። ስፒከሮችህን ጓደኛህ ሮቤል ወስዷቸዋል፤ በቦታቸው እማማ የአበባ ማሰሮ ደርድረዋል። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ግን እግሬ እስካሁን ያን ግዙፍ ስፒከር ዞሮ ነው የሚያልፈው።

አድናቂዎችህ ደግሞ ትተሃቸው እንደሄድከው ናቸው። አሁንም ይጣላሉ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም እንዲያነበው ስለምፈልግ አንተ የምታውቀውንም ደግሜ ልጻፈው። ኮልፌ ውስጥ «ጉሮሮ» የሚባል፣ ሃርድኮር ፓንክ የሚሉትን ፈጣንና ጩኸታም ሮክ የሚጫወት ባንድ ነበር። አንተ ትጮሃለህ፣ ሮቤል ድራሙን ይደበድባል፣ ሌሎቹም ጊታራቸውን ይዘው ይከተሏችኋል። የምትለማመዱት በአጎትህ ወፍጮ ቤት ጓዳ ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ ሞተሩ ጤፍ ይፈጫል፣ ከግድግዳው ወዲህ እናንተ። እሱን ለመብለጥ መጮህ ነበረባችሁ፤ የመጀመሪያው አልበምም እንዲያው ሆኖ ወጣ። ሁሉም ዘፈን ታክሲ ከአንድ ፌርማታ ተነስቶ ሌላው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ቃሉ አይሰማም፣ ደረት ግን ይመታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ልሰማችሁ የመጣሁ ቀን ጸጉሬ ላይ ዱቄት ተነስንሶ፣ ጆሮዬ እየጮኸ ወጣሁ። እናቴ የት ውለሽ ነው ብትለኝ ወፍጮ ቤት አልኳት፤ እህሉስ ስትለኝ የጸጉሬን ዱቄት አራገፍኩላት።

ሁለተኛው አልበም በስቱዲዮ ተቀዳ፤ ድምፁ ጠራ፣ ቃሉም ተሰማ። ሦስተኛው ቀስ አለ። በስንኝና በስንኝ መካከል ክፍተት ገባበት፤ ድራሙ ቆሞ ይጠብቅሃል። አንዳንዱ ዘፈን ላይ እንዲያውም አትጮህም፣ ትናገራለህ።

ክርክሩ የጀመረው ከዚያ ነው። አድናቂዎቹ ስልክ ላይ ግሩፕ አላቸው፤ እኔም በሌላ ስም ገብቼ አነብ እንደነበር አንተ ታውቃለህ። አንዱ ጌታን ተቀብሎ ነው ይላል። ሌላው ሬዲዮ እንዲያጫውትለት ፈልጎ ነው ይላል። አብዛኛው ግን ጥፋቱን እኔ ላይ ጣለው። አንዱ «አገባ፣ ለሰለሰ፣ አለቀ» ብሎ ጻፈና ከዚያ ወዲያ ስሜ «ማለስለሻ» ሆኖ ቀረ። አንተ ሶፋው ላይ ተጋድመህ ይህን ሁሉ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነብልኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቤት ውስጥም ማለስለሻ ሆንኩ፤ ማለስለሻዬ ሻይ አለ ወይ፣ ማለስለሻዬ ካልሲዬን አየሽው ወይ። እኔም እስቅ ነበር። ብቻዬን ስሆን ግን ያናድደኝ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ቲቸር ግርማ ነው። አስኮ ሂሳብ የሚያስተምር፣ ከወፍጮ ቤት ጀምሮ የነበረ፣ ጸጉሩ የሳሳ ሰውዬ። ሦስተኛውን አልበም እየቆራረጠ፣ የት ላይ እንደዘገየ፣ የት ላይ እንደዛለ፣ እንደ ተማሪ ፈተና አርሞ ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። አንተ ትወደው ነበር። እሱ ሲጽፍ ሻይህን ትተህ ነበር የምታነበው። እኔ ዓይኑን ማየት አልፈልግም ነበር።

እውነቱን ከቤተሰብ ውጭ የሚያውቀው ሮቤል ብቻ ነበር። ቤቴል ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሟ ደረትህን አዳምጣ፣ ደግማ ያዳመጠችበትን ቀን አልረሳውም። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከችን፤ እዚያም የልብህ ቫልቭ በደንብ እንደማይዘጋ ነገሩን። ልጅ ሳለህ ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም የመጣ ነው ሲሉን አንተ ሳቅህ መጣ፤ ታክሲ እስክንይዝ ድረስ በባንዳችሁ ስም እየሳቅህ ሄድክ። እኔ ታክሲው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። አንተም አይተህ እንዳላየ ሆንክ።

ከዚያ በኋላ ደረጃው መጣ። መጀመሪያ ሰሞን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስልክ የምታይ መስለህ ትቆም ነበር። ቀጥሎ ሁለተኛው ላይም መቆም ጀመርክ። እኔም ፌስታሌን መሬት አስቀምጬ የጫማዬን ማሰሪያ የማጠብቅ እመስል ነበር፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያደረግኩ ቀን ሳይቀር። ኋላ ላይ አወጣጡን ለመድከው። ጥቂት ደረጃ ትወጣለህ፣ ትቆማለህ፣ አየር ትስባለህ፣ ደግሞ ትወጣለህ። ሦስተኛው አልበም አልቆ የመጀመሪያውን ዘፈን ስታሰማኝ ወዲያው አወቅኩት። የደረጃችን አወጣጥ ነው። ሮቤል ድራሙን የመታው ባንተ ትንፋሽ ልክ ነበር፣ ሳትጠይቀው።

ንገራቸው ብዬ ስንት ጊዜ ጨቀጨቅኩህ። አይሆንም አልክ። ካወቁ የሚሰሙኝ በአዘኔታ ነው፣ እንደ ጤነኛ ሰው ይስደቡኝ አልክ። ቃል ግቢልኝ አልከኝ፣ ገባሁልህ። ማለስለሻነቱን ተሸክሜ ዝም አልኩ። በለቅሶህ ሰሞን እንኳ፣ ድንኳኑ ውስጥ ጎረቤቶች ካርታ ሲጫወቱ፣ ከጎናቸው አድናቂዎችህ ስለ ሁለተኛው አልበም በሹክሹክታ ሲነታረኩ እየሰማሁ ምንም አልተነፈስኩም።

ሙት ዓመትህ ዕለት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ካለቀ በኋላ፣ ሮቤል የቤቱን ግቢ ለአድናቂዎችህ ከፈተ። ናቲ የሚባለውን አንተ አታውቀውም። ካንተ በኋላ የመጣ፣ ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ የሚያቀናብር ትሑት ሰው ነው። ስጦታ አምጥቻለሁ አለ። ሦስተኛውን አልበም አፍጥኖ እንደ መጀመሪያው አድርጎት ነበር። ሲከፍተው ግቢው ተናጋ። ቲቸር ግርማ ከወንበሩ ተነሳ። ሰዎች «ይሄ ነው ኤርሚ፣ ተመለሰ» እያሉ ተቃቀፉ። ሮቤል ብቻ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል።

እኔ መጀመሪያ ምን እንደጎደለው አልገባኝም። ድምፁ ያንተ ነው፣ ቃሉም ያንተ ነው፣ አንተ ግን የለህበትም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ገባኝ። ትንፋሽህን አውጥቶታል። ክፍተቱን ለመዝጋት ብሎ፣ በየስንኙ መካከል የምትስባትን አየር አንድ በአንድ ለቅሞ ጥሏታል። ኤርሚዬ፣ እኔ እኮ ያንን ትንፋሽ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አጠገብህ ተኝቼ አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ የራሴን ይዤ የማዳምጥ ሰው ነበርኩ። እነሱ ትንፋሹ በሌለበት ይጨፍራሉ።

ተነስቼ አጥፉት አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ማለስለሻ ዛሬም ልታለሰልስ ተነሳች ብለው እንዳሰቡ ከፊታቸው አነበብኩት። እዚያው ቆሜ ቃሌን በላሁ። ስለ ልብህ ነገርኳቸው፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሮቤል ድራም። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ናቲ ላፕቶፑን ዘግቶ አለቀሰ። ይቅርታ አልጠይቅህም። ካንተ የቀረኝ ያቺ ትንፋሽ ነበረች፤ ሲጥሏት ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አንተ አስቀድመህ አውቀኸው ነበር። በማግስቱ ግሩፑ በሚያለቅሱ ፊቶች ተሞላ። ሦስተኛው አልበም ቅዱስ ሆነ። ሲሰድቡህ የኖሩት ሁሉ እኔ ድሮም እወደው ነበር ማለት ጀመሩ። ለኔም «እህታችን ይቅር በይን» የሚል መልእክት ጎረፈ። አንዷ ዘፈኑን እየሰማች አንተ በተነፈስክ ቁጥር እንዳለቀሰች ጻፈች። የሚከራከር ሰው ጠፋ። ቀስ በቀስ የሚጽፍም ጠፋ፤ በበሽተኛ ላይ ምን ብለው ይከራከራሉ? እኔም ባዶውን ስልክ እያየሁ ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩህ መሰለኝ። መጀመሪያ ስትሞት ቢያንስ ይጣሉብህ ነበር። ያን ሰሞን ከእማማ ጋር በጨው መጣላቱንም ተውነው።

አንድ ከሰዓት ቲቸር ግርማ ጻፈ። «ነፍሱን ይማር። መታመሙን ባለማወቄ አዝኛለሁ፣ ባለቤቱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስተኛው አልበም ግን አሁንም ደካማ ነው። አራተኛው ዘፈን መሃሉ ላይ ይወድቃል። የታመመ ሰው ጥሩ ዘፈን መሥራት ይችላል፣ ኤርሚያስም ሠርቷል፤ ይሄኛው ግን ከነሱ አይደለም።»

ወረዱበት። ነውረኛ አሉት፣ ሰው አይደለህም አሉት፣ ከግሩፑ ይባረር አሉ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር የማነበው። ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። እማማ መጥተው ሲያዩኝ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

እጄን ታጥቤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስም ጻፍኩ። ቲቸርን ተዉት፣ ኤርሚያስ የፈለገው እንዲህ እንዲባል ነበር አልኩ። ለራሱ ለቲቸርም፣ አራተኛው ዘፈን መሃሉ አይወድቅም፣ ይጠብቃል አልኩት። እሱም ወዲያው የሚወድቅበትን ደቂቃ ሳይቀር ጠቅሶ፣ አርሞ ላከልኝ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ፣ አንቺስ የቱን ነው የምትወጂው ብሎ ጠየቀኝ። ሦስተኛውን እንድል እየጠበቁ እንደሆነ ገብቶኛል።

የመጀመሪያውን ነው አልኳቸው። ማለስለሻዋ ራሷ። ሦስተኛውን ማንም እንዲቆርጠው አልፈቅድም፤ ግን አልሰማውም፣ አልችልም። እኔ የምወደው አየር ይተርፍህ የነበረበትን ጊዜ ነው፣ ትንፋሽህን ማዳመጥ ገና ያልጀመርኩበትን ጊዜ። ይህን ጽፌ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሳነሳው ግሩፑ ታምሶ ነበር። ግማሹ ማለስለሻ እንዲህ ትላለች እንዴ ይላል፣ ግማሹ ድሮም ብለን ነበር ይላል፣ ሁለተኛውን የሚወዱት ደግሞ እኛን ሁሌም ትረሱናላችሁ ብለው አኩርፈዋል። ናቲ ያፈጠነውን ራሱ አጥፍቶታል፤ አሁን ከቲቸር ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ትናንት እማማ ስልክሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንጫጫው አሉኝ። በልጅዎ እየተጣሉ ነው አልኳቸው። አጠገቤ ተቀምጠው አንብቢልኝ አሉ። ምስጋናውን ብቻ እየመረጥኩ ሳነብላቸው ነቁብኝ፤ ስድቡንም አንብቢ አሉኝ። አነበብኩላቸው። ደካማ የሚለው ላይ ስደርስ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቆጡ፣ ይሄ አስተማሪ የማነው ልጅ ነው ብለው ጠየቁኝ። ልጁ ሰፈር ውስጥ ተሰድቦ እንደመጣባት እናት ነበር የተቆጡት፤ አንተ በበሩ የምትገባ መሰለኝ። እንዴት እንደናፈቅከኝ ልነግርህ አልችልም።

ኤርሚዬ፣ አልረሳህም። ጻድቅ አድርጌም አላስታውስህም። እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ የምትጥለውን፣ ቀጠሮ የማታከብረውን፣ ሁለተኛው አልበም ላይ ዜማ ስተህ አልሳትኩም ብለህ ድርቅ ያልከውን ሰውዬ እንዳለህ እይዝሃለሁ። ሲያሞግሱህ እሰማለሁ፣ ሲነቅፉህም መልስ እሰጣለሁ። እንዳያዝኑልህ ለምነህ ነበር፤ እሺ፣ እነሱ ይከራከሩ። እኔን ግን አትከልክለኝ። ማዘኑ የኔ ድርሻ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

ሰናይት