የአባዬ ጠብታ

ይድረስ ለእትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ድመቷ ብቻ አኩርፋናለች።

አባዬ የሚሠራበት ላቦራቶሪ አዲስ ዘዴ መጥቷል። ውሃ ለመመርመር ድሮ አንድ ጠርሙስ ኬሚካል ይፈጅ ነበር፤ አሁን ጠብታ ይበቃል። ለአካባቢም ለሠራተኛም ይሻላል አሉ። አባዬ ግን፣ "ሃያ ዓመት በጠርሙስ ስቀዳ ማን ሞተ?" ብሎ ከድመቷ ብሶ አኩርፏል።

ማንጠባጠቢያውን ቤት አምጥቶ በውሃ ይለማመዳል። ጠብታዋ ሁልጊዜ ከብርጭቆው ውጭ ነው የምታርፈው። "ጠረጴዛው ጠማው እንዴ አባዬ?" አልኩት። ሳቀና እጁን ኪሱ ከተተ።

ትናንት ደግሞ ወተት አጠገቡ አረረ። እኔ ከውጭ ሸቶኝ ስሮጥ ስገባ እሱ ተመቻችቶ ጋዜጣ ያነባል። ለእማዬ ያሳረርኩት እኔ ነኝ ብያታለሁ።

በይ ደህና ሁኚልን። ስትመጪ እንደ ልማድሽ አባዬን ሳም አድርገሽ አትሩጪ፤ እጁን ያዢና ትንሽ ቆዪ።

ወንድምሽ፣ ያ ለፍላፊው