ዳንቴሉን ማን አለበሰው?

ኅዳር 5

ቀኑ ደህና ዋለ። እኔና ተስፋው የአንዲት መምህር ቤት ሁለት ሶፋ አጠብን። ባሌ ማሽኑን ይይዛል፣ እኔ በብሩሽ እፈትጋለሁ። የወጣው ውሃ የክረምት ጎርፍ ነው የሚመስለው። ሴትዮዋ አይታ «ይሄ ሁሉ ላይ ተቀምጠን ነው?» ብላ አፈረች። «አይዞሽ፣ የሁሉም ቤት እንዲሁ ነው» አልኳት። የፍኖተ ሰላምን የስንቱን ቤት ጉድ አውቃለሁ… አልናገርም እንጂ። እንደ ልማዴ ሳይታጠብም ታጥቦም ፎቶ አነሳሁ፣ ለሚጠይቀኝ የማሳየው።

ከቡሬ እትዬ ንግሥቴ የሚባሉ ሴት ደወሉ። ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እሳቸው ቤት ነው። ለ9 ቀጠርን፤ ሦስት ቀን ይደርቃል።

ኅዳር 9

መብራት የለም። ሦስቴ ደወሉ። «አንቺ ልጅ፣ ማኅበርተኛውን ቆሻሻ ላይ ላስቀምጠው ነው?» አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጅ መባል ግን ደስ ይላል።

ኅዳር 11

መብራት መጣ፣ መንገዱም ደህና ነው ተባለ፣ ቡሬ ወረድን። ማሽኑ ሚኒባስ ላይ እንደ ሰው ወንበር ይዞ። ሶፋው ክሬም ነው፣ ነጣ ያለ። እትዬ ንግሥቴ ሳቂታ ሰው ናቸው። ምራታቸው ያምሮት ዝምተኛ፣ ከሊበን የመጣች፣ ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ። የሶፋውን ዳንቴል የሠራችው እሷ ናት፤ ነጭ ሆኖ ቀይ ቀይ አበባ ያለው። አማቷ ከፍ አድርገው ዘርግተው «እጇን አያችሁልኝ?» አሉን። እሷ መሬት መሬቱን አየች።

ስንጨርስ ሁለቱም ጓዳ ለነገው ይሯሯጣሉ። «መስኮት ክፈቱ፣ እስኪደርቅ አትቀመጡበት» ብዬ ጮኼ ወጣሁ፤ ተስፋው ማሽኑን ጭኖ ይጠራኛል። ቤቱ እንዴት አምሮ ነበር!

ኅዳር 13

እትዬ ንግሥቴ በጠዋት ደወሉ። ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ምን ዓይነት መርዝ ነው ያፈሰስሽበት? ሶፋዬ በግ የታረደበት ነው የሚመስለው!»

ቀይ ነጠብጣብ፣ መቀመጫውም መደገፊያውም ላይ። ማኅበርተኛው ሁሉ አየ። ቀይ? ሳሙናዬ ነጭ ነው… ውሃው ይሆን? ማሽኑ ዝጎ ይሆን? ዝገት እንዲህ አይቀላም።

ተስፋው «የኛ አይደለም በያቸው» ይላል። ሳላይ እንዴት እላለሁ? የኛ ቢሆንስ?

ኅዳር 14

ወሬው ከኔ ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ገብቷል። «ቡሬ ሶፋ አበላሸች አሉ።» የነገዋ ደንበኛ «ሌላ ጊዜ ይሁን» አለች። ሌላ ጊዜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አጣሁት? በዚህ ሥራ ያለ ስም ምን አለኝ?

ኅዳር 15

ቡሬ ሄድኩ። እውነትም ያስደነግጣል። ነጭ ጨርቅ በሳሙናዬ ነክሬ የሶፋውን ጀርባ ፈተግኩት። ምንም። በእሳቸው ውሃ ሞከርኩ። ምንም። ቆሜ ሳስብ ዳንቴሉን አየሁት። ጫፉን አርጥቤ ጨርቁን ጫንኩበት… ቀይ!

«እሱ ነው! ክሩ ቀለም ለቆ ነው! ሶፋው ሳይደርቅ ያለበሰ ሰው ነው ያበላሸው!»

በደስታ መጮኼ ነው።

እትዬ ንግሥቴ ወደ ያምሮት ዞሩ። «አንቺ ነሽ?»

«አልነካሁም።»

«ታዲያ ዳንቴሉ እግር አውጥቶ ሄደ?»

«ከጓዳ ስወጣ ለብሶ ነው ያገኘሁት። እርስዎ ያለበሱት መስሎኝ…»

«እኔ?! ጭራሽ ወደ እኔ! ሶፋው ገደል ይግባ። በቤቴ ውሸት እንዴት ይገባል?»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እኔ ነፃ ወጣሁ። እትዬ ንግሥቴ እንዲያውም ይቅርታ ብለው እስከ በር ሸኙኝ።

ኅዳር 16

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ማን አለበሰው? እትዬ ንግሥቴ በሚካኤል ማሉ። ያምሮትም ማለች። ከሁለቱ በቀር ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም።

ኅዳር 19

እትዬ ንግሥቴ ደወሉ፣ ድምፃቸው ደከም ብሏል። ያምሮት ሻንጣዋን አዘጋጅታለች፣ ከጽዮን በኋላ ሊበን ልትገባ። ልጃቸው ወንዳወቅ መሐል ቆሞ የማንን እንደሚይዝ ጠፍቶታል። «አጠፋሁ ትበል፣ ያልፋል። አትልም!» አሉ።

«ምናልባት እውነቷን ይሆናል» አልኩ።

«ራስሽ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?»

ምን ነገርኳቸው? ክሩን ነው የነገርኳቸው። ያምሮት ናት አላልኩም… አልኩ እንዴ?

ኅዳር 20

ሐዋ ጋ ሄድኩ፣ ገበያው አጠገብ ልብስ የምትሸጠዋ። ሶፋ ልታሳጥብ «እስኪ ሥራሽን አሳዪኝ» አለች። ስልኬን ሰጠኋት። ፎቶውን እየገፋች ስታይ ቆየችና «ማሻአላህ! ይሄ ዳንቴል እንዴት ያምራል?» አለች።

አየሁት። የእትዬ ንግሥቴ ሶፋ። እርጥበቱ ገና ጠቆር ብሎ ይታያል። ዳንቴሉ ከላይ፣ ጥግ ከጥግ ተስተካክሎ፣ ቀይ አበባው ፊት ለፊት።

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከመውጣቴ በፊት። ሁለቱ ጓዳ፣ ተስፋው ደጅ…

«ምነው? ፊትሽ ጠቆረ» አለች ሐዋ። ምን እንዳልኳት አላውቅም።

እቤት ገብቼ ደግሜ አየሁት። አላስታውስም! ግን እጄን አውቃታለሁ። በየሰው ቤት መጋረጃ የምታስተካክል፣ ትራስ የምትደረድር እሷ ናት። ነገ ማኅበር ነው፣ ቤቱ ራቁቱን እንዳይታይ ብላ… ማን ለመናት? አትቀመጡበት እያልኩ እየጮህኩ በእጄ ያን አለበስኩ? ሰው የራሱን እጅ እንዴት አያውቅም?

ተስፋው ፎቶውን አይቶ ስልኩን መለሰልኝ። «አጥፊው። ማን ያውቃል?» አለ።

«እኔስ?»

ብናገር ስሜ ያልቃል። ዝም ብል ልጅቷ በውሸታም ስም አገሯ ትገባለች።

ኅዳር 21

ጽዮን ናት። ተሳልሜ በዚያው ቡሬ ሄድኩ። የያምሮት ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል።

ስልኬን ለእትዬ ንግሥቴ ሰጠሁ። አራቁ፣ አቀረቡ።

«የኔ ቤት ነው?»

«አዎ።»

«ማን አነሳው?»

«እኔ። እናንተ ጓዳ ሳላችሁ።»

«ዳንቴሉንስ?»

«እሱንም እኔ። ሳላውቀው… እጄ ለምዶ። ሶፋውን በነፃ አጥባለሁ፣ እስኪለቅ ድረስ።»

ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «እዚሁ ቆመሽ፣ ጣትሽን ቀስረሽ…» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ስልኬን መለሱልኝ። «እኔስ? ይህን ያህል ጊዜ አብሬያት ኖሬ ውሸታም አልኳት!»

ተነሱና ሻንጣውን ራሳቸው አንስተው ወደ ውስጥ ይዘው ገቡ። ከባድ ነበር፣ ወገባቸው ጎበጠ። ያምሮት ቆማ አየቻቸው። ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ይቅር ብላኝ ይሁን ታዝባኝ አላውቅም። ከዚያ ሄዳ በአንድ በኩል ሻንጣውን አገዘቻቸው።

ታኅሣሥ 2

ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አጠብኩት። ዛሬ ያምሮት ደወለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እትዬ እታለም፣ አንዷ ቀይ አበባ ከሶፋው አለቅም አለች።»

«ነገ እመጣለሁ።»

«አይ፣ ይተዉት። እማማ «ስህተቴን ታስታውሰኝ፣ ትቆይ» ብለዋል። ያለችበትን መቀመጫ ፊት ለፊት አድርገውታል። ሰው ሲመጣ እኔን እዚያ ነው የሚያስቀምጡኝ።»

ሳቀች መሰለኝ። ስልክ ላይ መለየት ከባድ ነው።

ሐዋ ወሬውን ሰምታለች፣ ሁሉም ሰምቷል። ሆኖም ከሰዓት ሶፋዋን አጠብንላት። የሶፋው ልብስ፣ ትራሱ፣ ታጥፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እጄ ተነሳች። ፎቶውን ተስፋው ያንሳ ብዬ እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኳት፣ ማሽኑ እስኪጫን። ቤቱ ራቁቱን ነበር ስወጣ። ዞር ብዬ አላየሁትም።